ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠርሙስ ይታያችኋል? እስቲ አንዴ ልነቅንቀው። ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ፣ አየር ከሚነፋበት ገንዳ ዛሬ ጠዋት የቀዳሁት ነው። ክዳኑ በደንብ ተዘግቷል፣ አትስጉ። አሁን አስቀምጬው ወሬዬን እቀጥላለሁ። የማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞች በየጊዜው የሚያደርጉት ሙከራ ነው። የገንዳውን ውሃ በመስፈሪያ ይቀዱና ለ30 ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉታል። ከዚያ ቡናማው ነገር የት ድረስ እንደወረደ ያያሉ። እኔም የማወራው ለዚያው ያህል ነው። አልፎ አልፎ ዞር ብላችሁ እዩልኝ።

ይህን ቡናማ ነገር ባለሙያዎቹ አክቲቬትድ ስላጅ ይሉታል። እኔ ዝቃጭ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዝቃጭ ሲባል የሞተ ነገር ይመስላል። ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ተጣብቀውና ተቃቅፈው፣ የተባዘተ ጥጥ የሚመስሉ ትናንሽ ጉብታዎች ሠርተው ይኖራሉ። ከየቤቱ የወጣውን ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ከሽንት የሚመጣውን አሞኒያ የሚለውጡት፣ ፎስፎረሱን የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። ገንዳው የተቆፈረው፣ የአየር መንፊያው ሌሊትና ቀን የሚሠራው እነሱን ለማኖር ነው።

የኔ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ እነማን ናቸው? ከመካከላቸው ሥራውን የሚሠራው የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ባክቴሪያ ስናመሰግን ኖረናል። ዛሬ የማወራላችሁ ስህተቱ እንዴት እንደታረመ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1914 ማንቸስተር ውስጥ ኤድዋርድ አርደርን እና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ሰዎች ፍሳሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው አየር ይነፉበት ነበር። አሞኒያው ሙሉ በሙሉ ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በዚህ ፍጥነት የከተማ ፍሳሽ አይጣራም። ብልሃታቸው የታየው ከዚያ በኋላ ነው። የጠራውን ውሃ ደፉት፤ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ግን አልጣሉትም። አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። እንደገና ደገሙት። በየዙሩ ጊዜው እያጠረ ሄደና በመጨረሻ ያው ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቅ ጀመር። ሳያውቁት እርሻ መሥርተዋል ማለት ነው። የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች አስቀርተው፣ መግበው፣ አበዙ።

እነማን እንደሆኑ ግን አላወቁም። ማወቅም አላስፈለጋቸውም፣ ነገሩ ይሠራ ነበርና። ችግሩ የሚመጣው የማይሠራ ቀን ነው። ዝቃጩ አልዘቅጥ ሲል፣ ገንዳው ላይ ወፍራም አረፋ ሲቆም፣ አሞኒያው ሳይነካ ሲወጣ። ያን ጊዜ መሐንዲሱ አየር ይጨምራል፣ አየር ይቀንሳል፣ ዝቃጭ ያስወግዳል። ልምድ ካለው ይሳካለታል። ግን ማን እንደታመመ ሳያውቅ ነው የሚያክመው።

ባክቴሪያን ለማወቅ የነበረው መንገድ ማሳደግ ነው። ምግብ ያለበት ጄል ሳህን ላይ ጠብታ ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ የበቀለውን ትቆጥራለህ። መንገዱ ብዙ በሽታ አምጪዎችን አሳውቆናል፣ ውለታው ትልቅ ነው። ለዝቃጭ ግን አልሆነም። ያንኑ ናሙና በማይክሮስኮፕ ስትቆጥረው ቁጥሩ በጣም ይበልጣል። ከዝቃጭ ሳህን ላይ የሚበቅለው ከ1 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ስቴሊ እና ኮኖፕካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ታላቁ የሳህን ቆጠራ እንቆቅልሽ ብለው ሰየሙት።

ጥቂት መቆጠሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚበቅሉት የተለዩ መሆናቸው ነው የከፋው። ሳህኑ ላይ ምግብ ተትረፍርፏል። በፍጥነት የሚበላና በፍጥነት የሚራባ ባክቴሪያ ይወጣዋል። ገንዳው ውስጥ ግን ምግቡ ስስ ነው። እዚያ የሚያሸንፈው በጥቂቱ ማደር የሚችለው፣ ጎረቤቱን ተደግፎ የሚኖረው ነው። ስለዚህ ሳህኑ የሚያሳየን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሌላቸውን ነው።

አሲኔቶባክተር የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዳንድ ጣቢያዎች ፎስፎረስን ያለ ኬሚካል ያስወግዳሉ። ዝቃጩ መጀመሪያ አየር በሌለበት፣ ከዚያ አየር ባለበት ገንዳ ውስጥ ያልፋል። በዚህ መመላለስ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፎስፎረሱን ወደ ሆዳቸው ያጭቁታል። እነማን ናቸው ተብሎ ሲፈለግ በ1970ዎቹ አሲኔቶባክተር ሳህን ላይ ደጋግሞ በቀለ። እሱ ነው ተባለ። መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ጥናቱ ሁሉ እሱ ላይ ተሠራ። በኋላ ባክቴሪያዎቹን ሳያሳድጉ እዚያው ባሉበት መቁጠር ሲቻል አሲኔቶባክተር ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ፎስፎረስ ሊሸከም አይችልም። እውነተኛው ሠራተኛ በ1999 ስም ተሰጠው፦ አኩሙሊባክተር። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ለብቻው ተለይቶ ሳህን ላይ አላደገም። በስሙ ፊት ካንዲዳቱስ የሚል ቃል የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ እጩ እንደማለት ነው። በየጣቢያው ፎስፎረስ ሲሰበስብ ይኖራል፣ እኛ ግን አሁንም እጩ እንለዋለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

ታዲያ ሳያሳድጉ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

መልሱ የመጣው ስለ ፍሳሽ ጨርሶ ከማያስብ ሰው ነው። ካርል ዎዝ አሜሪካዊ ነው። የሕይወትን የዘር ሐረግ ለመሥራት ይፈልግ ነበር። ለዚህ የመረጠው ሪቦሶምን ነው። ሪቦሶም በየሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው መሣሪያ ነው። ሕይወት ያለው ሕዋስ ሁሉ አለው። ከክፍሎቹ አንዱ 16ኤስ የሚባለው አርኤንኤ ነው፤ በባክቴሪያ 1,500 ፊደል ያህል ይረዝማል። የዚህ ጽሑፍ አንዳንድ ቦታዎች በሁሉም ባክቴሪያ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ናቸው። ሌሎቹ ቦታዎች ከዘመድ ዘመድ ይለያያሉ። ከሩቅ ሩቅ ዘመድ ደግሞ በጣም ይለያያሉ። ዎዝ ከጆርጅ ፎክስ ጋር ሆኖ በ1977 ያሳተመው ሥራ አርኬያ የሚባሉት ከባክቴሪያ የተለየ ትልቅ የሕይወት ቅርንጫፍ መሆናቸውን አሳየ። ቀጥሎ ኖርማን ፔስ አንድ ደፋር ሐሳብ አመጣ። ይህን ጽሑፍ ለምን ከአፈሩ፣ ከውሃው በቀጥታ አናነበውም? ባክቴሪያውን ማሳደግ ለምን ያስፈልጋል?

ያን የሚያቀል መሣሪያም በጊዜው ደረሰ። ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ፒሲአር ነው። በኮቪድ ጊዜ ስሙን ያልሰማ የለም። የምትፈልገውን የዲኤንኤ ቁራጭ ብቻ መርጦ ያባዛል። በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቁራጭ ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። በየዙሩ ስለሚሞቅ ሙቀት የሚችል ኤንዛይም፣ ማለት ሥራውን የሚያስኬድ ፕሮቲን፣ ያስፈልጋል። እሱም የተገኘው የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው።

አሁን ወደምወደው ዘዴ ልሂድ። ፊሽ ይባላል። ትንሽ እቆይበታለሁ።

አጭር የዲኤንኤ ክር ትሠራለህ። 20 ፊደል ያህል በቂ ነው። ፊደሉ ከምትፈልገው ባክቴሪያ 16ኤስ ጋር ብቻ የሚገጥም እንዲሆን ታደርጋለህ። ጫፉ ላይ የሚያበራ ቀለም ታስራለህ። ፕሮብ የሚባለው ይህ ነው። ሕዋሶቹ እንዳሉ እንዲቆዩ ዝቃጩን በኬሚካል ይዘህ፣ ግድግዳቸው ክሩን እንዲያስገባ አድርገህ፣ ፕሮቡን ታፈስበታለህ። ክሩ ይገባል። የሚገጥመውን ካገኘ ይጣበቃል፤ ካላገኘ ታጥቦ ይወጣል። በደንብ የሚሠራ ሕዋስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሪቦሶሞች አሉት። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ መብራቶች ይበራሉ። የተራበው ይደበዝዛል።

ከዚያ በማይክሮስኮፕ ታያለህ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አልረሳውም። ያ ቡናማ ነገር ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ቀይ ዘለላዎች፣ አጠገባቸው አረንጓዴ ዘለላዎች ተንጠልጥለው ታዩኝ። ቀዩ አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚለውጠው ነው። አረንጓዴው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የጣለውን ሌላው ይቀበላል። ይህን አቀማመጥ ሳህን ሊያሳይህ አይችልም። ፒሲአርም አያሳይህም። ጉብታውን አፍርሰህ ዲኤንኤውን ካወጣህ በኋላ ማን ከማን አጠገብ እንደነበር ጠፍቷል።

በ1993 ሚካኤል ዋግነር፣ ሩዶልፍ አማን እና ባልደረቦቻቸው ዝቃጭን በዚህ ዘዴ መረመሩ። ሳህኑ ላይ የበዛው የባክቴሪያ ክፍል እና በብርሃን የተቆጠረው ክፍል አልተገናኙም። ሳህኑ አንዱን ሲያበዛ ዋናዎቹን አሳንሶ ነበር።

አረንጓዴዎቹን ላስቀድም፣ ታሪካቸው ያሳዝናልና። አሞኒያ በሁለት እርምጃ እንደሚለወጥ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሳይቷል። ሁለተኛውን እርምጃ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ኖረ። የማጣሪያ ስሌቶች በሱ ጠባይ ላይ ተመሠረቱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ብዙ ላብራቶሪዎች ዝቃጩን በፊሽና በ16ኤስ ሲፈትሹ ናይትሮባክተር በአብዛኛው የለም። ያለው ናይትሮስፒራ ነው። ናይትሮባክተር ናይትራይት ሲትረፈረፍለት የሚፈጥን ነው፤ ስለዚህ ሳህን ላይ ያሸንፋል። ናይትሮስፒራ በጥቂት ናይትራይት የሚኖር ቁጥብ ነው። ገንዳ ውስጥ ናይትራይት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ሥራውን ሲሠራ የኖረው እሱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ሌላ ነው።

በዚህ አላበቃም። በ2015 ሁለት የምርምር ቡድኖች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አሳወቁ። አንዳንድ ናይትሮስፒራዎች ሁለቱንም እርምጃ ብቻቸውን ይሠራሉ። ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት። ኮማሞክስ ተባሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው ስንል ኖረን ነበር። ያወቅነው ከእነሱ ጂኖም፣ ማለት ከሙሉው የዘር ጽሑፋቸው ነው። ጂኖማቸው ውስጥ የአሞኒያው ኤንዛይም ጂን እና የናይትራይቱ ኤንዛይም ጂን አንድ ላይ ተገኙ። በ16ኤስ ብቻ ብንቀጥል ኖሮ አናይም ነበር። 16ኤስ ናይትሮስፒራ ነው ይልሃል። ምን እንደሚችል ግን አይነግርህም። ስም እና ሙያ ይለያያሉ።

አናሞክስም ተመሳሳይ ነው፣ በአጭሩ ልለፍበት። ኤንግልበርት ብሮዳ በ1977 በወረቀት ላይ ተነበየው፦ አሞኒያን ያለ ኦክስጅን በናይትራይት የሚያቃጥል ባክቴሪያ ሊኖር ይገባል አለ። በ1990ዎቹ ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ውስጥ ነገሩ በእውን ታየ። ባክቴሪያው በእጥፍ ለመባዛት አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሳህን ላይ አይታሰብም። ማንነቱ በ1999 የታወቀው ሕዋሶቹን በክብደታቸው አጥርተው ለይተው 16ኤሱን በማንበብ ነው። በ2002 ሮተርዳም ውስጥ በሙሉ መጠን የሚሠራ ማጣሪያ ተገነባ። ለአየር መንፊያ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በብዙ ይቆጥባል።

ዛሬ ደግሞ አንድን ጂን መርጦ ከማባዛት አልፈን የናሙናውን ዲኤንኤ በሙሉ ማንበብ እንችላለን። ሜታጂኖሚክስ ይባላል። የተቀዳደዱ ብዙ መጻሕፍትን አንድ ላይ ደባልቆ እንደገና መገጣጠም ነው። በ2006 የአኩሙሊባክተር ጂኖም ከዝቃጭ ውስጥ በዚህ መንገድ ተለቅሞ ወጣ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከ23 አገሮች፣ ከ269 ጣቢያዎች 1,200 ያህል ናሙና ወስዶ 16ኤሱን አነበበ። በየቦታው ልዩነቱ እጅግ ብዙ ነው። በሁሉም ዘንድ በብዛት የሚገኙት የጋራ ዓይነቶች ግን 28 ብቻ ሆኑ። ለኔ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ሃያ ስምንትን በስም ማወቅ ይቻላል።

አሁን ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማሽኑ የሚያወጣው ባለቀለም ግራፍ ሲያዩት ያምራል። ሰው ያምነዋል። እኔም አምኜ ተሳስቻለሁ።

አንድ ጊዜ ከአንድ ጣቢያ የመጣ ናሙና ፒሲአሩ ባዶ ወጣ። ምንም የለም። ጣቢያው ግን አሞኒያውን በደንብ እያስወገደ ነው። ለሦስት ቀን ደከምን። ኤንዛይሙን ቀየርን፣ ሙቀቱን ቀየርን። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ ዲኤንኤውን በውሃ አሥር እጥፍ አቀጠነችው። ውጤቱ ወዲያው መጣ። ዝቃጭ ውስጥ ሂዩሚክ አሲድ የሚባል ቡናማ ነገር አለ። ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ኤንዛይሙን ያስረዋል። ሲቀጥን ለቀቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀውን ዲኤንኤ ትንሽ ሳልጨምርበት ባዶ ውጤት አላምንም። የጨመርኩት ካልታየ ጥፋቱ የናሙናው ሳይሆን የሙከራው ነው።

ሌላው ዲኤንኤ ማውጣቱ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ትንሽ ሲነኩት ይፈነዳል። ሌሎቹ ወፍራም ነው፤ በትናንሽ የመስታወት ዶቃዎች በኃይል ካልተንቀጠቀጡ አይከፈቱም። ለስላሳ ዘዴ ከተጠቀምክ ወፍራሞቹ የሉም ትላለህ። አሉ፣ በርህን አልከፈትክላቸውም እንጂ።

የ16ኤስ ጂን፣ ማለት 16ኤሱ የተጻፈበት የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ቁጥሩም ያታልላል። አንዱ ባክቴሪያ አንድ ቅጂ ይኖረዋል። ኢ ኮላይ ሰባት አለው። ሌላው ከአሥር ያልፋል። እያንዳንዱን ቅጂ እንደ አንድ ሕዋስ ከቆጠርከው ፈጣን አዳጊዎቹን ታበዛለህ፣ ዘገምተኞቹን ታሳንሳለህ። ልብ በሉ፣ የሳህኑ ስህተት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

መቶኛም እንዲሁ። ከ1,000 ሕዋስ 50ው ናይትሮስፒራ ነው እንበል። 5 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ወር የቀሩት 950ዎቹ በግማሽ ቀንሰው 475 ሆኑ። ናይትሮስፒራ ያው 50 ነው። ግራፉ ግን ወደ 9.5 በመቶ ወጣ ይልሃል። ሪፖርቱ ላይ ናይትሮስፒራ ጨመረ ተብሎ ይጻፋል። አልጨመረም። ብዛቱን ለማወቅ ኪውፒሲአር የሚባለውን፣ እያባዛ የሚቆጥረውን ዘዴ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ወይም ወደ ፊሽ ተመልሶ በዓይን መቁጠር።

በጣም የሚረሳው ደግሞ እንግዳው ነው። ወደ ገንዳው የሚገባው ፍሳሽ ራሱ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ከሰው አንጀት የመጣ አለ። ቱቦው ውስጥ የኖረ አለ። አርኮባክተር የሚባለው ፍሳሽ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ገንዳው ውስጥ ግን በአብዛኛው አያድግም፤ ይሞታል፣ ይበላል። ዲኤንኤው ግን ዝቃጩ ውስጥ ይታያል። ዲኤንኤ ስታነብ ነዋሪውንና መንገደኛውን፣ ሕያውንና ሬሳውን አንድ ላይ ነው የምታነበው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም። የሚገባውን ፍሳሽም አብረህ አንብብ። አወዳድር።

ይህ ሁሉ ለጣቢያው ሠራተኛ ምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ አረፋን እንውሰድ። ገንዳ ላይ ቡናማ ወፍራም አረፋ ሲቆም ብዙ ጊዜ ክር መሳይ ባክቴሪያ ነው ምክንያቱ። ክሮች ግን ብዙ ዓይነት ናቸው፣ በማይክሮስኮፕ አንዱ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። አንዱ ኦክስጅን ሲያንስ የሚበዛ ነው፤ አየር ብትጨምር ይቀንሳል። ማይክሮትሪክስ ፓርቪሴላ ግን ቅባት የሚወድ ነው፣ ቀዝቃዛ ወቅት ይስማማዋል። በሱ ላይ አየር መጨመር ለኤሌክትሪክ ገንዘብ መበተን ነው። ለሱ ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ሲሠራ ታይቷል። ስለዚህ ስሙን ማወቅ የወሩን ወጪ ይወስናል። አንድ ፕሮብ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ቀን ይበቃል። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ ጂኖም ማንበብ አያስፈልግም።

ተማሪዎች ሲመጡብኝ መጀመሪያ የሚሉኝ ሜታጂኖሚክስ ልሥራ ነው። ምን ልትጠይቅበት ነው እላለሁ። ዝም ይላሉ። አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ፒሲአር ይፈልጋል። ስንት ነው የሚለው ኪውፒሲአር። የት ነው፣ ከማን ጋር ነው የሚለው ፊሽ። ምን ይችላል የሚለው ጂኖም። አሁን እየሠራ ነው ወይ የሚለው አርኤንኤ ወይም ፕሮቲን። አንዱ ዘዴ የሌላውን መልስ አይሰጥም። አሞኒያው ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ ካልለካህ ደግሞ ሁሉም ባዶ ስም ነው። ማስታወሻ ደብተርህ ላይ የኬሚስትሪው ቁጥር ከጂኑ ቁጥር ጎን ይቀመጥ።

ሰዓቱ ደረሰ መሰለኝ። ጠርሙሱን እዩት። ከላይ ውሃው ጠርቷል። ዝቃጩ ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው። ይህን ናሙና የሰጠኝ ሠራተኛ ቢያየው ደስ ይለዋል።

ጥያቄያችሁን እየመለስን ስንቆይ ግን አንድ ነገር ተጠባበቁ። አሁን እዚያ ውስጥ ኦክስጅን አልቋል። ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን እየተነፈሱ ነው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ብንቆይ ከዝቃጩ ቁራሽ ተገንጥሎ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። የሚያነሳው ትንሽ የጋዝ አረፋ ነው። አረፋው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ አሁን የምንተነፍሰው አየርም በአብዛኛው እሱ ነው። እሺ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ከማን ነው?